ሰከነች የተባለችው ጌጥነሽ

ከጅጋ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የፍኖተ ሰላምን አውራ ጎዳና ትቶ ወደ ዳገቱ የሚታጠፍ አንድ የእግር መንገድ ነበረ። ዛሬ መኪና ይገባበታል ይሉኛል። በዚያን ጊዜ ግን ለሁለት ሰው የሚጠብ፣ በክረምት ጭቃው ጫማ የሚያስቀር፣ በመስከረም ደግሞ ግራና ቀኙ ጤፍና ኑግ ሆኖ ድካም የሚያስረሳ መንገድ ነበረ። ኑጉ ሲያብብ ንቦቹ ከማለዳ ጀምረው እስኪመሽ ሲያዜሙ ይውላሉ። እኔ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት መምህር ሆኜ የተመደብሁት በዚያ መንገድ መጨረሻ ላይ ባለችው ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቷ የመምህር ቤት ስላልነበራት ዘሩ ከሚባል ገበሬ ግቢ አንዲት ጎጆ ተከራየሁ። የምነግራችሁ ስለ ዘሩ ሚስት ስለ ጌጥነሽ ነው።

ጌጥነሽ የተወለደችው ቡሬ አጠገብ ከአዊ ወገን ከሆኑ ገበሬዎች ቤት ነው። በቤታቸው አማርኛውም አገውኛውም ይነገር ስለነበር ሲቸኩልባት ሁለቱን አቀላቅላ ትናገራለች፤ የማይቸኩልባት ጊዜ ደግሞ አልነበረም። ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ አንድ ቦታ የማያርፍ፣ ሳቋ ከአጥር ወዲያ የሚሰማ ሴት ነበረች። እናቷ አንድ ጊዜ ሊጠይቋት መጥተው አጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ሲያጫውቱኝ እንዲህ አሉ፦

«ገና ልጅ ሳለች ውኃ ላክኋት። እንስራዋን ምንጩ ላይ ትታ እንኮይ ለቅማ መጣች። ተቆጥቸ መለስኋት። እንስራውን ይዛ መጣች፣ እንኮዩን ምንጩ ላይ ትታ።»

«እንኮዩንስ ማን በላው?» አልኋቸው።

«ዝንጀሮ ነዋ፤ እኔማ ምን ደርሶኝ።»

እንዲህ ያለች ነበረች። ከቤቷ ግድግዳ ላይ የተጀመሩ ሰፌዶች ተሰቅለው ነበር፤ አንዱ እንደ መዳፍ፣ አንዱ እንደ ሳህን፣ አንዱ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው። አክርማውን ቀይና አረንጓዴ ነክራ በአንድ ቀን ሌላ ሴት በሳምንት የማትሰፋውን ትሰፋና፣ በማግሥቱ አዲስ መልክ ይታያትና ሌላ ትጀምራለች። ምጣዱ ላይ ያለውን ቆሎ ትታ የጎረቤት ምጥ ለማየት ትሮጣለች። ደግሞም ምጥ የያዛት ሴት ከማንም በፊት የምታስጠራው ጌጥነሽን ነበር፤ ጭንቅ ባለበት ቤት ስትገባ እንደ እርሷ ያለ አልነበረም። ቆሎው ግን ያራል።

ዘሩ ቁጥብ ሰው ነው። በቀን ውስጥ የሚናገረውን ቃል አስቀድሞ የመደበ ይመስላል። ቆሎው ያረረ ዕለት ያረረውን ከላዩ እየለየ ይቆረጥምና «ከሥሩ ደህና ነው» ይላል። ከዚህ ሌላ ቁጣ ሲወጣው አልሰማሁም። ጎረቤቲቱ ሀብትነሽ ግን የዘሩንም ድርሻ ጨምራ ትናገር ነበር። ሀብትነሽ ምላሷ እንደ አዲስ ማጭድ ነው፤ ልቧ ግን ሌላ ነው።

«አንች ጌጤ» ትላታለች ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ «ራስሽስ አንገትሽ ላይ የተሰፋ ሁኖ ነው እንጅ ገበያ ረስተሽው በመጣሽ ነበር።»

«ረስቸው ብመጣ አንች ታገኝልኛለሽ፤ የሰው ነገር መፈለግ መች ይሰለችሻል?»

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጣ ጊዜ ጎልማሶችን ከሰዓት በኋላ እናስተምር ነበር። ጌጥነሽ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ፊደሉን ከሁሉ ቀድማ ለየችው። ሌሎቹ «ለ ሉ ሊ» ሲሉ እርሷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መፈክር ታነብብ ነበር። በፈተናው ቀን ጽሑፏን እኩሌታ ያህል እንዳደረሰች ከበሩ ውጭ የሰው ጥጃ ከሀብትነሽ ባቄላ ገብቶ አየች። እርሳሱን ጆሮዋ ላይ እንደ ሰካች ወጣች። የተመለሰችው ወንበሮቹን ሳነሣሣ ነው።

«መምህር፣ አለቀ እንዴ?»

«አለቀ።»

«እኔ ግን ጥጃውን አስወጣሁት» አለች። አብረን ሳቅን። የምስክር ወረቀት ያላገኘች ብቸኛዋ አንባቢ እርሷ ነበረች።

ከሳቁ በስተኋላ ያለውን ያየ ግን ጥቂት ነው። ወደ ጅጋ ገበያ ስንሄድ መንገዱን አጋምሳ ድንገት ትቆማለች። «እሳቱን አዳፍኘዋለሁ?» ትላለች ለራሷ። ትመለሳለች። አዳፍናዋለች። እንደገና ትከተለንና ጥቂት እንደሄደች ሌላው ይመጣባታል፦ በሩን፣ ጫጩቶቹን። ሴቶቹ ይስቁባታል፤ እርሷም አብራ ትስቃለች፤ ፊቷ ግን አመድ ይመስል ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ «ረሳሽ፣ ጣልሽ፣ ሰበርሽ» እየተባለች ያደገች ሴት መርሳቷን እንደ ጅብ ትፈራው ኖሯል። ዘሩም አንድ ቀን ሞፈር እየጠረበ «እንቅልፍ የላትም፤ ቀን ለማን ምን እንዳለች እያነሣች እየጣለች ነው የምታድር» አለኝና ጠረባውን ቀጠለ።

ሌላም ነበር። የመንደሩ ሴቶች በወር በወሩ፣ በሃያ አንድ ቀን፣ የማርያም ማኅበር ይጠጣሉ። ጽዋው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ተራዋ የደረሰ ሴት ተረክባ ትወስድና በወሩ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ፣ ካህን አስጠርታ ማኅበሩን ታስተናግዳለች። ይህ ለአንዲት ሴት ትልቅ ማዕረግ ነው። ጌጥነሽ የማኅበሩ አባል ብትሆንም ተራዋ ሲደርስ በዘዴ ይዘለል ነበር። «ጥንስሱን ረስታ ታሻግተዋለች» ይባላል። እርሷም እንዳልሰማች ሆና ቆሎ ታዞር ነበር። አንድ ጊዜ ግን ከማኅበሩ ስትመለስ በጎጆዬ ደጃፍ አልፋ ስትሄድ ቆም አለችና፦

«መምህር፣ ሰው በማርያም ፊት ሲዘለል በመጽሐፍ ምን ይሉታል?» አለችኝ። ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

በሰባ አምስት ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። ጌጥነሽ እጅጉ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ከእርሷ ጋር ነው ያደገው። በመጀመሪያው ዙር ሄደ። ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ሰሜን እንደ ተላከ ከመሰማቱ በቀር ሌላ ወሬ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ጌጥነሽ በገበያ ቀን ዕቃዋን ሀብትነሽ ላይ ጥላ ጅጋ ከአውራ ጎዳናው ዳር ትቆም ነበር። ከባሕር ዳር የሚመጣ አውቶብስ ሲቆም ወታደር ከወረደ እጁን ትይዛለች። «እጅጉ የሚባል፣ ረዥም፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ» ትላለች። ያልሳቀ ወታደር አልነበረም፤ ያወቀው ግን የለም። እሳቱን ለማየት መመለሱ ባሰ። ልቧ ድው ድው እያለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስትቆም ብዙ ጊዜ አየሁ።

ከዚያ በሰባ ሰባት ክረምት ላይ ዝም አለች።

ዝምታው በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ሳቋ ጠፋ። ቀጥሎ ሩጫው። ጅጋ መውረዱንም ተወችው። እሳት ዳር ተቀምጣ ሳትነሣ መዋል ጀመረች። የተሰቀሉትን ሰፌዶች አንድ በአንድ እያወረደች መጨረስ ያዘች፤ አክርማውን ግን መንከር ትታ እንዳለ ነበር የምትሰፋው፤ ቀዩና አረንጓዴው ጠርዝ ካበቃበት ጀምሮ ሁሉም የገለባ መልክ ያዘ። በሰው ንግግር መካከል መግባት ቀረ። ሲጠሯት ቀስ ብላ «እመት» ትላለች።

መንደሩም እግዚአብሔርን አመሰገነ። የሆነው ይህ ነው። «ጌጥነሽ ሰከነች» ተባለ። ሀብትነሽ ሳትቀር «ማርያም ሰማችን፤ አሁን ሰው ሆነች» አለች። ሰው ሁሉ ዕድሜዋን ሙሉ ዝም በይ ሲላት የኖረች ሴት ዝም ብትል ማን ያዝንላታል? ጌጥነሽ የክት ቀሚሷን ለንግሥቴ ልጅ ሰጠች፤ ንግሥቴ ከወንዝ ወዲህ ያለችው ጎረቤት ናት። የአንገቷን ድሪ ለአንዲት ሌላ ጎረቤት ሰጠች። ያለቁትን ሰፌዶችም አንዱን ለዚህ ቤት፣ አንዱን ለዚያ ቤት። «ልቧ ወደ ምናኔ አዘነበለ» አሉ ሴቶቹ፤ በአድናቆት ነበር የሚሉት። ዘሩ ብቻ አንድ ቀን ከብቱን ሲያስገባ «መምህር፣ ቤቴ ጸጥ አለ» አለኝ። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት ከድምፁ አልለየሁትም። እርሱም የለየው አልመሰለኝም።

በመስከረም ሃያ አንድ ቀን፣ የብዙኃን ማርያም ዕለት፣ ጽዋው ለጌጥነሽ ተሰጠ። ሴቶቹ እልል አሉ። ነጩን ጨርቅ በሁለት እጇ ተቀብላ ዝቅ ብላ ሳመችው።

በዚያ አገር የጽዋ ባለተራን ስለ ድግሷ መጠየቅ ነውር ነው። «ብቅል አበቀልሽ? ጌሾ ገዛሽ?» ማለት እምነት እንደ ማጣት ይቈጠራል፤ ስለዚህ በወሩ ውስጥ ማንም ወደ ቤቷ ጓዳ አይዘልቅም። ዘሩ በዚያው ሰሞን በገበሬ ማኅበሩ ተመድቦ ወደ ብር ሸለቆ የመንግሥት እርሻ ለመኸር ሥራ ወረደ። እኔም ለመምህራን ሥልጠና ፍኖተ ሰላም ተጠርቼ ሰነበትሁ። ጌጥነሽ ከጽዋው ጋር ብቻዋን ቀረች።

የተመለስሁት በጥቅምት ሃያ አንድ በማኅበሩ ዕለት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው በእግር መንገዱ ሲመጡ ደረስሁባቸው። ካህኑ አባ ገብረ ሕይወት መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት ነበሩ። ከሁሉ በስተኋላ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ይመጣሉ። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ በዕድሜ ከማኅበሩ ሁሉ የሚበልጡ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሴት ናቸው። «መምህር፣ ና አብረህ ቅመስ» አሉኝ።

ከበሩ ስንደርስ ጢስ የለም። ሀብትነሽ ቀድማ ገባችና ቆመች። ጋኖቹ ታጥበው አፋቸውን ተደፍተው ተደርድረዋል። ምድጃው አመድ ነው። ጽዋው ከነጨርቁ፣ ጨርቁም እንደ ታጠበ፣ ከመደቡ ላይ ተቀምጧል። ጌጥነሽ ከአጠገቡ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ፊቷ ከስቶ ጉንጯ ገብቶ ነበር።

«ጌጤ፣ ጠላው የት ነው?» አለች ሀብትነሽ።

«አልጠመቅሁም።»

«ዳቦውስ?»

«አልጋገርሁም።»

«ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም» አለች ጌጥነሽ። «በየቀኑ አስበው ነበር። እጄ እሽ አላለኝም።»

ሴቶቹ ማጕረምረም ጀመሩ። ንግሥቴ «ጽዋ ተደፍቶ ያውቃል? እኛው ነን ጥፋተኞች፤ ድሮም እየዘለልናት ደህና ነበርን» አለች። ሌላይቱ «ማርያም ምን ትለን?» አለች። አባ ገብረ ሕይወት መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ግን ሰውን በክርናቸው እየከፈሉ ገብተው ከመደቡ ላይ፣ ከጌጥነሽ ጎን ተቀመጡ።

«ጌጤ» አሉ፣ «ያችን የክት ቀሚስ ለምን ሰጠሻት?»

«አልፈልጋትም፣ እማሆይ።»

«ለፋሲካስ ምን ትለብሻለሽ?»

ጌጥነሽ የጽዋውን ጨርቅ ጫፍ አስተካከለች።

የጎጃም ሰው ነገርን ፊት ለፊት አይናገርም። የሞት መርዶ እንኳ ዙሪያውን ዞሮ፣ አዝመራ ጠይቆ፣ ከብት ጠይቆ ነው የሚነገረው። እማሆይ ደግሞ በአነጋገር የታወቁ ናቸው፤ አንድ ነገር ሲሉ ሰው ቤቱ ደርሶ ነው የሚገባው። በዚያች ሰዓት ግን እጇን ይዘው እንዲህ አሉ፦

«መሞት አምሮሻል?»

ንግሥቴ አማተበች። «ኧረ እማሆይ፣ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?» አለች ሀብትነሽ በሹክሹክታ።

«ተይኝ እስቲ» አሏት እማሆይ። ዓይናቸውን ከጌጥነሽ ላይ አላነሡም።

«አዎን» አለች ጌጥነሽ። «ወደ ገደሉ አፋፍ ሁለቴ ሂጃለሁ። ጽዋው እኔ ዘንድ ሳለ መሞት ነውር መሰለኝና ተመለስሁ። ዛሬ ይወስዱታል ብየ እየጠበቅሁ ነበር።» ከዚያ አለቀሰች። ከክረምት ወዲህ ስታለቅስ የታየችው ያን ጊዜ ነው።

እማሆይ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ባሌም እንዲህ ሰክኖ ነበር» አሉ። «ከብቱን ለልጆቹ አከፋፈለ፣ ከተጣላው ሁሉ ታረቀ። እኔም ሰከነልኝ ብየ ስለት አገባሁ። ወንዝ ወሰደው ነው ያልኋችሁ። ወንዝ አልወሰደውም፤ ራሱ ነው የሄደው።» በዚያ መንደር ይህን የሰማ አልነበረም። አባ ገብረ ሕይወት እንኳ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«አሁን» አሉ እማሆይ፣ «ጽዋው አይወሰድም። ሂዱና ከየቤታችሁ ያለውን አምጡ።»

ሴቶቹ ወጡ። ንግሥቴ ለሌላ ቀን የጠመቀችውን ጠላ በእንስራ አዝላ መጣች። አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ንፍሮ፣ ሀብትነሽ ቆሎና እሳት። ሀብትነሽ እሳቱን ራሷ አቀጣጠለች። አባ ገብረ ሕይወት ጸሎቱን አደረሱ፣ ማኅበሩ በጌጥነሽ ቤት ተጠጣ። እርሷም ከጽዋው ቀመሰች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊነሡ ሲሉ እማሆይ «የት ልትሄዱ ነው?» አሉ። «ለቅሶ ቤት እንደምንቀመጠው እንቀመጣለን። ስትተኛም ስትነቃም ሰው አጠገቧ ይኑር።»

«ማን ሞቶ ነው ለቅሶ የምንቀመጥ?» አለች ንግሥቴ።

«ማንም እንዳይሞት።»

እንዲህ ሆነና ተቀመጡ። እያንዳንዷ እንዝርቷንና ጥጧን ይዛ በፈረቃ ትመጣለች፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። ጌጥነሽን ተናገሪ፣ ተነሽ፣ ብይ ብሎ የሚያስጨንቃት የለም። ይፈትላሉ፣ የመንደሩን ወሬ ያወራሉ፣ እርሷ ትሰማለች። እኔ ከጎጆዬ ሆኜ የደብተር እርማት ሳርም የሴቶቹ ድምፅ ሲንሾካሾክ እሰማ ነበር፤ ዛሬም ዝናብ ሣር ክዳን ላይ ሲያርፍ ስሰማ ያ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። አንድ ቀን ጌጥነሽ ከመደቡ ላይ ሆና «በቁሜ ለቅሶ ተቀመጣችሁብኝ» ስትል ሰማሁ።

«ሙተሽ ቢሆንማ ንፍሮው በተሻለ» አለች ሀብትነሽ። «ለቋሚ ሰው የሚቀርበው ይኸው ነው።»

ሳቅ አልተሰማም። ግን ጌጥነሽ ንፍሮውን አንሥታ በላች።

ዘሩ መልእክት ደርሶት ከብር ሸለቆ መጣ። የሆነውን እማሆይ ነገሩት። ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በዱላው ሲጭር ዋለ። ተነሥቶ ሲገባ ያላት አንዲት ነገር ናት፦ «ቆሎ አሳሪልኝ፤ ያረረ ናፈቀኝ።»

በማግሥቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ወረድን፤ ዘሩ፣ እማሆይ፣ ጌጥነሽና እኔ። ጅጋ ላይ የጤፍ ጭነት የያዘ መኪና አገኘን። ሆስፒታል ስንደርስ አንድ መነጽር ያደረገ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት ሐኪም ተቀበለን። ከወደ ጎንደር የመጣ ነው። «ሕመሙ ከመቼ ጀመረ?» ብሎ ጠየቀ።

«ከመስከረም» አለ ዘሩ።

«ከክረምት መግቢያ» አሉ እማሆይ።

«እኔ እንጃ» አለች ጌጥነሽ፣ «ከልጅነቴ ይመስለኛል።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ከልጅነትሽ ምን?» አላት። እርሷም ስለ እንስራው፣ ስለ እሳቱ፣ በልቧ ውስጥ ስለማያቋርጠው ሩጫ፣ ስለ እጅጉ፣ ከዚያም እጇ ስለ መቀዝቀዙ እየቆራረጠች ነገረችው። እርሱም እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ ለሁላችን በሚገባ አማርኛ አስረዳን።

«ሦስታችሁም የተናገራችሁት እውነት ነው» አለ። «አሁን ያለባት ድብርት ነው፤ ይህ ይታከማል፤ ኪኒን እሰጣለሁ፤ ቶሎ አይሠራም፤ ታገሡት። ከድብርቱ በፊት ጭንቀት ነበረባት። ከጭንቀቱም በፊት ይህ ዕረፍት የማይሰጣት ተፈጥሮዋ ነበር። ዕረፍት የሌለው ሰው ሲዘነጋ ይወቀሳል፣ ሲወቀስ ይጨነቃል፣ ብዙ ሲጨነቅ ልቡ ይደክማል። አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ይቆያል።»

«እኛ ሰከነች ብለን ነበር» አለ ዘሩ።

«ብዙ ሰው እንዲሁ ይላል» አለ ሐኪሙ።

ስንመለስ አባ ገብረ ሕይወት ኪኒኑን አይተው ምን ይሉ ይሆን ብለን ነበር። «ጠበሉንም ትጠጣ፣ በጠበሉ ኪኒኑን ትዋጥበት» አሉና ነገሩን ጨረሱት።

ሕመሙ ቀስ በቀስ ሄደ። መጀመሪያ እንቅልፍ መጣላት፣ ቀጥሎ ምግብ። አንድ ቀን ሀብትነሽ ከአጥሩ ወዲያ «የምን ሽታ ነው?» ብላ ጮኸች። ጌጥነሽ ሽሮ ጥዳ፣ ከጓሮ በኩል የሰው በግ ሲያልፍ አይታ ተከትላ ሄዳ ኖሯል። ሀብትነሽ ሽሮውን አወረደችና ድስቱን ይዛ ወደ እማሆይ ቤት እየሮጠች ሄደች። «አረረ፣ እማሆይ፤ ይኸው ጠቁሯል» ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እማሆይ ድስቱን ተቀብለው አሸተቱትና «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ የጌጥነሽ ተራ አልተዘለለም። ጥንስሱን ለማስታወስ ሀብትነሽ ጧት ጧት በአጥሩ ላይ ትጣራለች፤ መጠየቅ ነውር መሆኑ በጌጥነሽ ላይ ብቻ ተሻረ። እርሷም እየሳቀች «ሰማሁ፣ ሰማሁ» ትላለች።

አሁን ነርስ የሆነች የእኅቴ ልጅ አለችኝ። ይህን ባወራኋት ጊዜ ያ የልጅነቱ ነገር ስም አለው አለችኝ፤ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ይሉታል። ጭንቀትና ድብርት ብዙ ጊዜ ተከትለውት እንደሚመጡ፣ በሴቶች ላይ ደግሞ ሳይታወቅ ዓመታት እንደሚያልፍ ነገረችኝ። ስሙን ሰምቼ ደስ አለኝ። በዚያ ዘመን ግን ስሙ አልነበረንም፤ የነበሩን እንዝርት የያዙ ሴቶች ናቸው።

እማሆይ ወለተ ኢየሱስ በሰማንያ ዐረፉ። በዓመቱ ከሰሜን የተመለሰ አንድ ወታደር ጅጋ ወርዶ የእጅጉን መርዶ አመጣ። ጌጥነሽ እንደ ሰው ሁሉ አለቀሰች፤ እዝን መጣ፣ ተበላ፣ አርባው ወጣ፣ ሰው ወደየሥራው ተበተነ። እኛም ያ ሕመም እንዳይመለስባት በልባችን እየጠበቅናት ነበር፤ ግን አዝመራው ደርሶ ሰው ሁሉ ከማሳ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አሰናብቼ በሀብትነሽ ባቄላ ማሳ ዳር ሳልፍ ጌጥነሽ ከወዲያ ስትመጣ አየኋት። በዝግታ ነው የምትራመደው። ሀብትነሽ ጎንበስ ብላ ታጭዳለች።

«ሀብቴ» አለቻት።

ሀብትነሽ ቀና አለች።

«ያ ነገር ሊመጣብኝ ነው። ሁለት ቀን ሆነው፤ እጄ ቀዝቅዟል፤ ሰው ሲያወራ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። ዘሩ ነገ ሆስፒታል ይወስደኛል። እስከ ነገ ግን ብቻየን መሆን አልፈልግም።»

ሀብትነሽ ማጭዷን ከባቄላው ነዶ ውስጥ ሰካችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «መምህር» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፣ «በንግሥቴ በኩል ታልፋለህ አይደል? እንዝርትሽን ይዘሽ ነይ በልልኝ። እሷ ለሌሎቹ ትነግራለች።»

መልእክቱን አድርሼ ስመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ሴቶቹ ነዷቸውን ከየማሳው እንዳለ ትተው፣ ገለባ ጠጕራቸው ላይ እንደ ተሰካ፣ አንድ አንድ እያሉ ወደ ግቢው ይገቡ ነበር። ቁርበቱን ከቤት አውጥታ ከአጥሩ ሥር እያነጠፈች «በዚህ በኩል ተቀመጡ፣ በዚያ ጠጠር አለ» የምትላቸው ጌጥነሽ ነበረች።